«አሁን አንች ንገሪኝ»፦ የሲስተር ሽታዬ ደጉ የሕይወት ታሪክ (1956–2018 ዓ.ም.)

ሲስተር ሽታዬ ደጉ ከአባታቸው ከአቶ ደጉ አድማሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋና አየነው፣ በቀድሞው አጠራር በጎጃም ጠቅላይ ግዛት በአገው ምድር አውራጃ፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በዘንገና ሐይቅ አካባቢ በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የተወለዱበትን ቀን እናታቸው «ገብስ የተዘራ ሰሞን» ከማለት በቀር በትክክል አያውቁትም ነበርና፣ ሲስተር ሽታዬ ትምህርት ቤት ሲገቡ ግንቦት 21ን ራሳቸው መርጠው አስመዘገቡ። ለምን ያን ቀን እንደመረጡ ሲጠየቁ «ማርያም እንዳትረሳኝ ብዬ ነው» ይሉ ነበር።

የቤታቸው ቋንቋ አዊኛ ነው። በ1963 ዓ.ም. እንጅባራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሲጀምሩ ከአማርኛ የሚያውቁት «አቤት» ማለትን ብቻ ነበር። መምህሩ የተናገረውን ሁሉ ሳይገባቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ አንድ ዓመት እንዳሳለፉ በኋላ እየሳቁ ያወሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከክፍላቸው አንደኛ ወጡ። ከዚያ ወዲያ እቤትም ቢሆን አንደኛነቱን ለማንም ለቀው እንደማያውቁ ታናሽ ወንድማቸው ይመሰክራሉ።

ይኸው ታናሽ ወንድማቸው፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጁት መምህር ምስጋናው ደጉ፣ ሲወለዱ እናታቸው ሁለት ቀን አምጠው ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ወደ እንጅባራ ሲወሰዱ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሽታዬ የእናታቸውን ጋቢ ተሸክመው ከኋላ ሮጡ። ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ፤ እናትም ተረፉ። ሲስተር ሽታዬ አዋላጅ ለመሆን የቆረጡት ያን ቀን እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ ወንድማቸው ባስቸገሯቸው ቁጥርም ያን ሁሉ መንገድ የሮጡበትን ውለታ ያስታውሷቸው ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ዳንግላ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ካጠናቀቁ በኋላ በጤና ረዳትነት ሠልጥነው በ1977 ዓ.ም. ተመረቁ። በመጀመሪያ ጫግኒ ተመድበው ወባ በበረታባቸው ዓመታት ሌት ተቀን ሠሩ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ጥሊሊ አገለገሉ። በ1980 ዓ.ም. ከመምህር ይሄነው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ውብአየሁ እና ምህረቴ የተባሉ ሁለት ልጆችን አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ2005 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሃያ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ኩርፊያቸው ከአንድ ቀን አልፎ እንደማያውቅ፣ እሱም ቢሆን በሲስተር ሽታዬ አሸናፊነት ያልቅ እንደነበር ጎረቤት ያውቃል።

በ1993 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው ወደ አንድ ሆስፒታል ተዛወሩ። የሆስፒታሉ ስም እዚህ እንዳይጠራ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ ቀጥሎ የሚነበበው የራሳቸው ጥፋት እንጂ የማንም እንዳልሆነ በአጽንኦት ተናግረዋል።

በሰኔ ወር 1996 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ከጥሊሊ ገጠር አንዲት ወላድ መጡ። ስማቸው ወይዘሮ እመቤት ነው፤ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ። ባለቤታቸው ለሥራ ቆላ ወርደው ስለነበር ይዘዋቸው የመጡት የባለቤታቸው አባት ናቸው። ልጅቱ በሰላም ተወለደች፤ የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ የመጡ፣ አዊኛ የማይሰሙ ሰው ነበሩ። ማህፀኑ ካልወጣ እናትየው እንደማይተርፉ ለሲስተር ሽታዬ ነግረው፣ አስረድተው እንዲያስፈርሙ አዘዟቸው።

ሲስተር ሽታዬ በማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ለአማትየው በአዊኛ ሁሉንም አስረዱ። ማህፀኑ እንደሚወጣ፣ ከእንግዲህ መውለድ እንደሌለ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። እኒያ አባት አልቅሰው ነፍሷን አትርፉልኝ አሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደ አልጋው ቀረቡ። ሲስተር ሽታዬ ለወላዷ የነገሯቸው ኦፕራሲዮን እንደሚደረግላቸውና ጣታቸውን እንዲሰጡ ብቻ ነው። በአገሩ ወግ ምራት በባሏ አባት ፊት አትናገርም። ወይዘሮ እመቤትም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው፣ ትንፍሽ ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ። ሐኪሙ ይህን አይተው «ለምን ዝም አለች? ገብቷታል?» ሲሉ ጠየቁ። ሲስተር ሽታዬ «የአገራችን ወግ ነው፤ ተስማምታለች» ብለው መለሱ፤ አሻራውም ወረቀቱ ላይ አረፈ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ወይዘሮ እመቤት ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሲስተር ሽታዬ ቤተሰቡ ይነግራቸዋል ብለው አሰቡ። አማትየው ደግሞ ነርሷ ሳትነግራት አልቀረችም ብለው ዝም አሉ።

በ1999 ዓ.ም. ሲስተር ሽታዬ ዳንግላ ተዛውረው በሚሠሩበት ጊዜ ወይዘሮ እመቤት ሊመረመሩ መጡ። ከመጀመሪያዋ ልጃቸው ከፀደይ በኋላ ልጅ እምቢ ብሏቸው፣ የወር አበባቸውም ቀርቶ፣ ለፀደይ ወንድም ስጣት እያሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ከባለቤታቸው ጋር ጠበል ተመላልሰዋል። ሲስተር ሽታዬ የሆዳቸውን ጠባሳ ሲያዩ ሴትየዋን አወቁ። በሩን ዘግተው፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው እውነቱን ነገሯቸው። ወይዘሮ እመቤት አልጮኹም። «ያን ቀን በበሩ በኩል ድምፅዎን ሰምቼው ነበር። ምን እንደሚሉ ባይሰማኝም በቋንቋችን ሲናገሩ ስሰማ፣ የእኛ ሰው አለች ብዬ ተጽናንቼ ነበር» አሉ። ይህ ቃል ሲስተር ሽታዬን አሳመማቸው፤ ሕመሙም እስከ መጨረሻው አልተዋቸውም።

የሥራ ባልደረቦቻቸው ሕይወት አትርፈሽ ምን ጥፋት አለብሽ ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። እሳቸው ግን ማትረፉ የሐኪሙ ሥራ እንደነበረ፣ መጠየቁ ግን የእሳቸው ሥራ እንደነበረና እንዳልሠሩት መለሱ። ዘመድ ሽማግሌ እንዲልኩ ቢመክራቸውም እምቢ ብለው፣ በሚኒባስ ጥሊሊ ድረስ ሄደው ቀሪውን በእግራቸው ተጉዘው ከቤተሰቡ ፊት ቆሙ። ለባለቤትየውም ለአማትየውም የሆነውን አንድ በአንድ ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ። አማትየው መሬት መሬት እያዩ፣ እኔም ልነግርሽ ይገባኝ ነበር ብለው ለምራታቸው ተናገሩ። ወይዘሮ እመቤት በባላቸው አባት ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን የከፈቱት በዚያ ቀን ነው። ምን እንዳሉ የእሳቸውና የቤተሰባቸው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይነበብም።

ከዚያ በኋላ የሲስተር ሽታዬ አሠራር ተለወጠ። በእናት ላይ አንድ ነገር ከመደረጉ በፊት፣ ኦፕራሲዮንም ይሁን ለልጁ መውጫ መቅደድም ይሁን ምጥ ማፋጠኛ መድኃኒት፣ ባልን፣ አማትን፣ የባል እኅትን፣ የገዛ እናቷን ሳይቀር ከክፍሉ ያስወጡ ነበር። ከዚያ ከወላዷ ፊት ዝቅ ብለው ይቀመጡና ምን እንደሚደረግ፣ ለምን እንደሚደረግ፣ ባይደረግስ ምን እንደሚሆን እንደየቋንቋዋ በአዊኛ ወይም በአማርኛ ይነግሯታል። ሲጨርሱ «አሁን አንች ንገሪኝ» ይላሉ። ሴትየዋ በራሷ አንደበት መልሳ ካልነገረቻቸው የአሻራውን ቀለም ከኪሳቸው አያወጡትም። አንገት መነቅነቅ እሳቸው ዘንድ አይቆጠርም ነበር፤ እሱን አንደኛ ክፍል ሳሉ ጠግበውታል። ጊዜ የማይሰጥ ነገር ሲመጣ ደግሞ ተሽከርካሪ አልጋውን እየገፉ፣ እየሮጡም ቢሆን ይጠይቁ ነበር።

በዚህ የተማረሩ አልጠፉም። ወጣት ሐኪሞች «የሽታዬ ማትሪክ» ብለው ስም አውጥተውለት፣ ወላዷ አልፋለች ወይስ ወድቃለች እያሉ ይቀልዱ ነበር። ወደ ደጅ የተባረሩ አማቶችም ለኃላፊ አቤት ብለዋል። እሳቸውም ከኃላፊው ቢሮ ተጠርተው ይሄዱና፣ ተግሣጹን በአክብሮት ሰምተው ተመልሰው ያንኑ ይሠሩ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አንዲት እናት ኦፕራሲዮኑ ተነግሯቸው፣ ገብቷቸው፣ ግን እምቢ አሉ። ክፍሉ ተሸበረ፤ ባልየው እኔ ልፈርም አሉ። ሲስተር ሽታዬ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ምን እንዳስፈራቸው ሴትየዋን ጠየቁ። ሴትየዋ ንስሐ ሳልገባ ቢላዋ ሥር አልተኛም አሉ። ወዲያው ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ገብረ ማርያም ተደወለ፤ ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው በባጃጅ ደረሱ። የነፍስ አባታቸውን ካነጋገሩ በኋላ እናትየው ወረቀቱን በራሳቸው እጅ ፈረሙ፤ እናትም ልጅም በጤና ወጡ። ቄስ ገብረ ማርያም ከዚያ ወዲህ ሲስተር ሽታዬ በደወሉ ቁጥር ባጃጅ አስጠርተው እንደሚጠብቁ ይናገራሉ። ዛሬ ፍትሐቱን ከሚያደርሱት አባቶች አንዱ እሳቸው ናቸው።

ሲስተር ሽታዬ በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሕመም ተሰማቸውና ባሕር ዳር ተመረመሩ። ሐኪሙ ጉበታቸው ላይ ካንሰር መገኘቱን ለቤተሰቡ ለብቻ ነገረ። ልጆቻቸውና ወንድማቸው ተመካክረው ጨጓራ ነው አሏቸው። ሐኪሙ ላዘዘው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውንም ወረቀት መምህር ምስጋናው በእሳቸው ፋንታ ፈረሙ። በፍቅርና በድንጋጤ የተደረገ ነው፤ ቢሆንም ያን ያህል ዓመት ሰውን ሲጠይቁ በኖሩት ሴት ላይ የተደረገ ስለሆነ ወንድማቸው ዛሬም ያፍሩበታል። ሲስተር ሽታዬ ለጨጓራ ወረቀት እንደማይፈረም ያውቃሉ። ወንድማቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው «ምስጋናው፣ ምን ላይ ነው የፈረምኸው? አሁን አንተ ንገረኝ» አሏቸው። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆመው ያስተማሩት መምህር ያችን አንድ ቃል ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ሲስተር ሽታዬ ሰምተው ሲጨርሱ ሐኪሙን አስጠርተው ቀሪውን ጠየቁ። ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ወራት ሊጨምር እንደሚችል፣ ላይጨምርም እንደሚችል ተነገራቸው። እምቢ ብለው ዳንግላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ልጆቻቸው አልቅሰው ለምነዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን «ተጠየቅሁ፣ መለስሁ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

በታኅሣሥ ወር መምህር ምስጋናው ይህን የሕይወት ታሪክ ጽፈው አነበቡላቸው። በዚያኛው ጽሑፍ ውስጥ የወይዘሮ እመቤት ነገር አልነበረም። ሲስተር ሽታዬ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ጥፋቴን ዘለልኸው አሉ። ይግባ ካሉ በኋላ ደግሞ፣ ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለምና እሷን ሳትጠይቅ አንዲት ቃል እንዳታነብ ብለው አስጠነቀቁ።

መምህር ምስጋናው ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ ጥሊሊ ሄዱ። ወይዘሮ እመቤት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አስነበቡ። ወንድምየው ጨርሰው ፈቃዳቸውን ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ እመቤት ማንም ሳያዛቸው የሰሙትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአዊኛ መልሰው ነገሯቸው። ቀጥለውም ስማቸው እንዲጠራ፣ ታሪኩም በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ፈቀዱ። አንድ ነገር ብቻ እንዲጨመር ጠየቁ። ቃላቸው ይህ ነው፦ «ያን ቀን ቢጠይቁኝ ኖሮ እሺ ነበር የምለው። ልጄን ማሳደግ እፈልግ ነበር።»

መምህር ምስጋናው በማግስቱ ይህን ይዘው ዳንግላ ሲደርሱ ሲስተር ሽታዬ ደክመው ነበር። ቃሉን በአማርኛ ነገሯቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ መጣ በአዊኛ እንዲደግሙላቸው ጠየቁ፤ ደገሙላቸው። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «በል ጻፈው» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም።

ሲስተር ሽታዬ ደጉ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በፈቃዳቸው መሠረት ዛሬ እሑድ ጥር 17 ቀን በትውልድ ቀያቸው ዘንገና ይፈጸማል። ልጃቸው ወይዘሮ ውብአየሁ ይሄነው፣ ልጃቸው አቶ ምህረቴ ይሄነው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው እና ወንድማቸው መምህር ምስጋናው ደጉ ከነቤተሰባቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ወይዘሮ እመቤት ዛሬ ከልጃቸው ከፀደይ ጋር ከጥሊሊ መጥተው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል። ይህ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊትም ዛሬ ጠዋት አንድ ጊዜ ደግመን ጠይቀናቸዋል፤ እሺ ብለዋል።

በጭንቅ ቀን ዝቅ ብለው ከእናቶች ፊት የተቀመጡትን እኅታችንን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በስሟ ጠርቶ ከደጋጎቹ ጋር ያስቀምጥልን፤ ለልጆቻቸውና ሩቅ ቅርብ ሳይሉ ሊሸኟቸው ለመጡት ሁሉ መጽናናቱን ያድልልን። አሜን።