ክር በጣታቸው ያዳምጡ የነበሩት የአቶ ኤርካሎ ባዳቾ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤርካሎ ባዳቾ ከአባታቸው ከአቶ ባዳቾ ኤንጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኡፋይሴ ዳና፣ በወላይታ ዞን ሁምቦ ወረዳ፣ በአባያ ሐይቅ ዳር በምትገኝ መንደር በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከእንሰት ቃጫ ክር ገምደው፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ አስረው አሳ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በተወለዱበት ቀንም ሐይቁ ላይ ነበሩ ይባላል።

በ1959 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ያቋረጡት በችግር ነው የሚል ሰው አለ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። አንድ መምህር «አንተ ትሸታለህ፣ መስኮቱ ጋ ለብቻህ ተቀመጥ» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ስላስቀመጧቸው ነው። እኚያው መምህር ከዓመታት በኋላ አሳ ሊገዙ ሲመጡ አቶ ኤርካሎ ከያዙት ሁሉ የሚሻለውን መርጠው ሰጧቸው። እሳቸው እንዲህ ነበሩ። ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ አልረሳም።

አቶ ኤርካሎ ዕድሜ ልካቸውን ያለ መረብ የሠሩ ሰው ናቸው። ታንኳቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ትንሽ የቆሮሶ አሳ ከነሕይወቷ መንጠቆው ላይ ሰክተው፣ ክሩን በድንጋይ ክብደት ወደ ታች ለቀው በግራ እጃቸው ሌባ ጣት ላይ ያሳርፉታል። ከዚያ በኋላ ማዳመጥ ነው። ቆሮሶ ስትመጣ ትለቃቅማለች፤ አምባዛ እንደ ሰካራም ይጎትታል። ነጭ አሳ ግን ሁለት ጊዜ ያንኳኳና ዝም ይላል። «ሲያንኳኳ የሚስብ ሰው ባዶ ክር ይስባል፤ ዝም ሲል ነው መሳብ» እያሉ ያስተምሩ ነበር። ክሩ ያረሰው ጣታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክሮ፣ በመሃሉ ምስማር የማይበሳው ጎድጓዳ መስመር ነበረው።

በ1975 ዓ.ም. ወ/ሮ ሰብለ ቶማን አገቡ። አማታቸው አቶ ቶማ «ከአዞ ጋር ለሚውል ሰው ልጅ አልሰጥም» ብለው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሰዋል። በሦስተኛው ልጅቷ ራሷ «አዞው ከተስማማ አንተ ምን አገባህ?» ብላ አባቷን አሳቀቻቸውና ነገሩ አለቀ። በትዳራቸውም ሩታን፣ መክብብን እና ህብረትን ወልደው፣ ከዚያው ከክሩ በሚገኘው አስተምረዋል።

በ2003 ዓ.ም. በመንደሩ የአሳ አስጋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም አቶ ኤርካሎ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ሊመዘገቡ ሄዱ። ቅጹ ላይ «የመረብ ብዛት» የሚል መስመር ነበረ።

«አባባ፣ ስንት መረብ አለዎት?» አለ መዝጋቢው።

«መረብ የለኝም። ክር ነው ያለኝ።»

«ክርማ ልብስ ሰፊም አለው!» አለ ከተሰለፉት አንዱ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

መዝጋቢው ዜሮ ብሎ ጻፈ። መረቡ ዜሮ የሆነ ሰው አሳ አስጋሪ አይባልም ተባለ። ቀበሌውም መታወቂያ ሲያድስ የማኅበሩን ዝርዝር ይዞ ስለነበር የአቶ ኤርካሎ መታወቂያ «ሥራ፦ የለውም» የሚል ሆኖ ወጣ። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እጃቸው ከውሃ ያልወጣ ሰው፣ ሥራ የለውም!

ታናሽ ወንድማቸው ደገፉ ባዳቾ በዚያ ቀን አራት መረብ አስመዝግቦ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። አልሳቀም። ግን አልተናገረም። አቶ ኤርካሎ ወደ እሱ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አይተው ወጡ። ይህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባይገባ ደስ የሚለው ሰው አለ፤ ገብቷል።

ከዚያ ወዲህ መታወቂያ በታደሰ ቁጥር ያችን ቃል ለማስቀየር ተመላልሰዋል። ቀበሌው «ከማኅበሩ ደብዳቤ ያምጡ» ይላቸዋል፤ ማኅበሩ «መጀመሪያ መረብ ያምጡ» ይላቸዋል። ሁለቱም ቢሮ እንግዳ ሲመጣበት ነጭ አሳ ፍለጋ ሰው የሚልከው እሳቸው ቤት ነበር። አንድም ቀን አልከለከሉም። መረብ ግዛ ሲባሉም «እኔ የምፈልገው መረብ ሳይሆን ስሜን ነው» ከማለት በቀር የተናገሩት የለም።

በ2012 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ያዛቸው። ሕመሙ ከሁሉ አስቀድሞ የወሰደው ያንን ጣት ነው፤ ደነዘዘ፣ ክሩን መስማት አቃተው። ሥራቸውን ግን አልተዉም። ክሩን በጥርሳቸው ነክሰው መያዝ ጀመሩ፤ እንዲያ ሆነውም ሦስት ዓመት አሳ አወጡ።

ሕመሙ ሲጠና ሶዶ ከተማ ሐኪም ቤት ተኝተው ሲታከሙ ቆዩ። ልጃቸው ሩታ ከጋቢያቸው ጥለት አንድ ክር መዝዛ ጣታቸው ላይ ታስርና ጫፉን ነካ ነካ ታደርግ ነበር።

«ምንድነው አባዬ?»

«ቆሮሶ ናት። ትንሽ ናት፣ ልቀቂያት።»

መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት መናገር አቅቷቸው ነበር። ሩታ ሁለት ጊዜ ነካ አድርጋ ዝም አለች። ደንዝዟል የተባለው ጣት ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ሳቡ። ጥቂት ቆይቶ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ወደ ፈጣሪያቸው ሄዱ።

ሞታቸውን ሊያስመዘግብ የሄደው ደገፉ ነው። መዝጋቢዋ ከመታወቂያው ላይ «ሥራ፦ የለውም» የሚለውን ስትገለብጥ፣ በዚያን ጊዜ መናገር የነበረበትን በዚህ ጊዜ ተናገረ። «ጋሼ፣ ሲስተሙ የሚቀበለው መታወቂያው ላይ ያለውን ነው» አለችው። ወረቀቱ እንደዚያው ወጣ።

አቶ ኤርካሎ የአንድ ወንድ እና የሁለት ሴቶች ልጆች አባት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ሰብለ፣ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው ደገፉ እና በሁምቦ፣ በሶዶ፣ በቢጠና ያላችሁ ዘመዶች ሁሉ፣ ጌታ ልባችሁን ይደግፍ። የእሳቸውንም ነፍስ ቅጽ ሳያስሞላ፣ በስማቸው ጠርቶ ይቀበል።

ይህን የምታነብልን ወንድም፣ የማኅበሩም የቀበሌውም ሰዎች እዚህ ቆመው ይሰማሉና የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብለህ አንብብልን።

ስም፦ ኤርካሎ ባዳቾ። ሥራ፦ አሳ አስጋሪ።