እንቁላል የጫነው ባቡር

አሶሳ፣ ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻ ዓ.ም.

ለልጄ ለየዝናሽ ገብረ ሥላሴ፣ አትባራ ይድረስ።

የዓይኔ ብርሃን፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልሽ? ሆድሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽን ነሐሴ ላይ ጉልበቷን ትንሽ ይዟት ነበር፤ አሁን ለቋት ጎረቤታችን ማህጁብ ቤት ድረስ በቀን ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። ዝናቡ ካባራ ሁለት ሳምንት ሆነው። መንገዱ ጠንክሯል፤ ወርቅ የሚያጥቡት ሴቶችም ወደ ወንዙ መውረድ ጀምረዋል፤ ስለዚህ ሥራ አላጣሁም።

ከሄዳችሁ አራት ዓመት አለፈ። እናትሽ በመንገደኛ አፍ ስትልክብሽ ኖራለች፤ እኔ ስጽፍልሽ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንቺ ፊደል አልቆጠርሽምና የሚያነብልሽ ባልሽ ጫኔ እንደሚሆን አውቃለሁ። ጮክ ብሎ ያንብበው። አንዳንዱ ነገር እሱንም የሚመለከት ነው።

ሰኔ ሲገባ የማህጁብ አህዮች ከሮሰሪስ ሲመለሱ የላክሽው ሣጥን ደረሰን። መልእክትሽን ያደረሰው የማህጁብ ወንድም ሐመድ ነው። ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «የዝናሽ አርግዟል! ታኅሣሥ ይወልዳል! እናቴ ይምጣልኝ ብሏል!» ብሎ ጮኸ። ሴቱን ሁሉ ወንድ አድርጎ ስለሚናገር እናትሽ መጀመሪያ ማን እንዳረገዘ አልገባትም። ሲገባት እልልታዋን ስታቀልጠው የጎረቤት ፍየሎች ገመዳቸውን በጠሱ። ለመጀመሪያ ልጅሽ አንቺ ወደ እናትሽ ቤት መምጣት ሲገባሽ መንገዱ አስፈርቶሽ እሷን መጥራትሽ ቅር አላላትም። ሐመድ ከካርቱም እስከ አትባራ ያለው በባቡር እንደሆነና እንዳትፈራ ብሎ ጫኔ የባቡሩን አምሳል ሠርቶ እንደላከላት ሲነግራት ግን ከሣጥኑ ራቅ አለች።

ሣጥኑን ከፈትን። በገለባ የተጠቀለለ ጎታች፣ መስኮትና አግዳሚ ወንበር ያላቸው ሦስት የመንገደኛ ሰረገሎች፣ ሲገጣጠም በሁለት ቀጥታና በሁለት መታጠፊያ የሚዞር ቁርጥራጭ ሐዲድ። ጎታቹ ሆዱ ውስጥ የአሮጌ ሰዓት ጠመዝማዛ አለው፤ በቁልፍ ሲሞሉት ራሱ ይሄዳል። እናትሽ በመስኮቱ አጮልቃ፣ «ውይ! መቀመጫውን እኮ አልረሳውም!» አለች።

ሐዲዱን መሬት ላይ ዘርግቼ ቁልፉን ሞላሁት። ቀጥታው ላይ አማረበት። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የመጨረሻው ሰረገላ በጎኑ ተጋደመ፤ መካከለኛው ተከተለው። አንስቼ መለስኩት፤ እንደገና ወደቀ። ሦስተኛም ወደቀ። እናትሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«እኔ አልሄድም» አለች።

«ይታይሽ፣ ይኼ እኮ መጫወቻ ነው» አልኳት።

«የሠራው ማነው? ያው ትልቁን የሚጠግነው ሰው አይደል? ትንሹ ከእጁ ከወደቀ ትልቁ ምን ዋስ አለው?»

እናትሽን ታውቂያታለሽ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰረገላው ሲወድቅ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባት ዓመት ከወናፌ ሥር አስተምሬው፣ እጄን ይወርሳል ብዬ ልጄን ድሬለት፣ ብርና ወርቁን ትቶ ለብረት የሄደ ሰው ይኼው የሠራው መታጠፊያ ላይ ይወድቃል አልኩ፤ በልቤ። በማግሥቱ ግን ማልጄ ተነሥቼ ሰረገላውን ገልብጬ ከሥሩ አየሁት። ብየዳው ፀጉር አያስገባም። የመበየጃውን ብር እንደ ሰሊጥ ቆርጦ፣ በወረንጦ ጫፍ አስቀምጦ፣ ከላይ ሳይሆን ከሥር እያሞቀ የበየደው ነው። በዚህ አገር እንዲያ የሚበይድ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሰረገላውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። እናትሽ «ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ጢስ ነው» አልኳት። እሳት ገና አልተያያዘም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። የመታጠፊያው መሐል ላይ ችካል ተክዬ በገመድ ለካሁት፤ ከችካሉ እስከ ሐዲዱ አንድ ክንድ ከስንዝር ነው። ሰረገላው ደግሞ ከስንዝር ይበልጣል። ረጅም ነገር በጠባብ ሲዞር ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ጫኔ ሰረገሎቹን ያያያዛቸው ግን ጫፍና ጫፋቸው ላይ ሁለት ሁለት ሚስማር በተመታበት ደረቅ ነሐስ ነው። የፊተኛው ጫፍ ወደ ውጭ ሲወጣ የኋለኛውን ገፍቶ ከሐዲዱ ያወጣዋል። ሌላ ምክንያት የለውም።

መጀመሪያ መንገዱን ላስፋው አልኩ። ቀርቀሃ ሰንጥቄ፣ በእሳት እያለሰለስኩ፣ በችካል ዙሪያ እየቀለበስኩ፣ ከመሐሉ ሦስት ክንድ የሚርቅ ሐዲድ አበጀሁ። ለዚህ አልጋው ወጣ፤ ወፍጮው ወጣ፤ ጋኑ ወጣ። እናትሽ እኔም ልውጣ ወይ እስክትል ድረስ ቤቱ ሁሉ ሐዲድ ሆነ። ባቡሩ ዞረ፤ አልወደቀም! እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

እናትሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «ከካርቱም እስከ አትባራ መንገዱ ሁሉ እንዲህ ሰፊ ነው?» አለችኝ።

«አላየሁትም።»

«ጠባብ ቦታስ የለውም?»

«ይኖረው ይሆናል።»

«እንግዲያ በጠባቡ አዙርልኝ። ደግሞ ባዶውን አይደለም። እንቁላል ጫንበት። የመጨረሻው ሰረገላ ላይ። ሦስት ጊዜ ዞሮ እንቁላሉ ካልተሰበረ እሄዳለሁ። ከተሰበረ የተሰበርኩት እኔ ነኝ።»

የማህጁብ ሚስት ኡምኩልሱም ይህን ሰምታ ሃያ እንቁላል በቅል ይዛ መጣች። «ገብረ ሥላሴ፣ ይኼ ባቡር እንቁላል ይበላል?» አለችኝ። በላ! የሐምሌን ወር ሙሉ በላ። የሰረገላውን ጣሪያ አንስቼ እንቁላሉን በጥጥ አስቀመጥኩ። ደረቁን ነሐስ ነቅዬ በምትኩ ለአንገት ጌጥ የምሠራውን ዓይነት ሰንሰለት አደረግሁ። መታጠፊያውን አለፈ፤ ግን ጎታቹ ሲነሣ ሰንሰለቱ በድንገት ይወጠርና ሰረገላው ይደነብራል፤ ሲቆም ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ መታጠፊያ ላይ ከቆመማ ጥግና ጥጋቸው ይጠላለፋል። ስምንት እንቁላል ፈሰሰ። የማህጁብ ውሻ ቤታችንን ቤቱ አደረገው። ኡምኩልሱም ዶሮዎቿን እየተቆጣች ሌላ ታመጣለች። ከሰፈሩ የማይመጣ አልነበረም፤ ዝናብ እየመታቸው መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ይስቃሉ። ለቅሶ ቤት የተጠሩም በእኛ በኩል አልፈው ነው የሚሄዱ።

መፍትሔው የመጣው ከማህጁብ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ሲያይ ቆይቶ፣ «ወንድሜ ገብረ ሥላሴ፣ አንተ የምታስረው ጫፍ ላይ ነው» አለኝ።

«ታዲያ የት ልሰር?»

«እኛ አህያ ለአህያ ስናስር ጭራ ላይ አናስርም። ጭራ ላይ ካሰርክ፣ መንገድ ሲጠመዘዝ የኋላው ገደል ይገባል። ገመዱ ረጅም አድርግ፣ ወደ ውስጥ አስገባ፣ ወገብ ጋ እሰር። ያኔ የኋላው የፊቱን እግር ይከተላል።»

ተነሥቼ ግንባሩን ሳምኩት። «አበደ» አለ ለእናትሽ።

ጫኔ፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ። ረጅምና ቀጭን ነሐስ አበጀሁ። ጫፎቹን ከሰረገሎቹ ወለል ሥር እስከ መንኮራኩሮቹ ድረስ አስገብቼ በየጫፉ በአንድ ሚስማር ብቻ ያዝኩት፤ ሚስማሩን አላጠበቅሁትም፤ ነሐሱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። አንደኛውን ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ አደረግሁትና ቀጭን የሽቦ ጠመዝማዛ ከኋላው አስቀመጥኩ። ቀጥታው ላይ ሽቦው ሰረገሎቹን አጠጋግቶ ይይዛቸዋል፤ አይጋጩም፣ አይደነብሩም። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሞላላው ቀዳዳ ይለቅላቸዋል፤ ጥጋቸው ሳይነካካ አንድ ጣት ያህል ይከፈታሉ። ሲወጡ ተመልሰው ይጠጋሉ። ሥራህ ጥሩ ነበር። የጎደለው መወዛወዣ ብቻ ነው።

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ውጭ የሩፋኤል ዝናብ እየወረደ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ጠባቡን ሐዲድ ዘረጋሁ። ቁልፉን እኔ እሞላለሁ አለች እናትሽ። ሞላችው። እንቁላሉን ራሷ መርጣ፣ ራሷ አስቀምጣ፣ «በስመ አብ» ብላ ለቀቀችው።

አንደኛ ዞረ። መታጠፊያው ላይ ሰረገሎቹ ክፍት ብለው እባብ እንደሚታጠፍ ታጠፉና ተመልሰው ገጠሙ። ሁለተኛ ዞረ። ማህጁብ መቁጠሪያውን ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በሦስተኛው ላይ ጠመዝማዛው እየላላ መጥቶ ባቡሩ አዘገመ፤ በመጨረሻው መታጠፊያ መሐል፣ ከተነሣበት ቦታ ደርሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናትሽ ተንበርክካ ጣሪያውን አነሣች። እንቁላሉን አወጣችና ወደ በሩ ብርሃን ይዛ አገላበጠችው።

«አልተሰነጠቀም» አለች።

ኡምኩልሱም እልል ስትል የቤቱ ጣሪያ የተነሣ መሰለኝ። ማህጁብ እጄን ይዞ አዞረኝ፤ ሁለት ሽማግሌ በጠባብ ቤት ውስጥ ስንዘል ብታዪን ታፍሪብን ነበር። እናትሽ ግን እጇን አነሣች።

«ቆዩ! ይኼ ለመሄጃዬ ነው። ለመመለሻዬስ?»

እንደገና ሞላችው። ሌላ ሦስት ዙር በዚያው እንቁላል። አንድም አልወደቀም። ያኔ ነው ወደ ማህጁብ ዞራ፣ «መንገዱ ሲደርቅ አህያ አዘጋጅልኝ፤ የማይደነብረውን» ያለችው።

እንግዲህ ዝግጅቱ አልቋል። ይህ ደብዳቤ ነገ ከሐመድ ጋር ይወጣል፤ እሱ ፈጥኖ ይሄዳልና ቀድሞ ይደርስሻል። እናትሽ በሳምንቱ ከማህጁብ ጋር ትነሣለች። እስከ ሮሰሪስ በአህያ፣ ከዚያ ውሃው ሳይጎድል በጀልባ ካርቱም፣ ከዚያ በባቡር። ማር፣ ቅቤ፣ ለአራስ የሚሆን ገብስ፣ ደግሞ ኡምኩልሱም ለልጁ የሰፋችውን ትንሽ ቆብ ይዛለች።

እኔ እስከ ሮሰሪስ ብቻ ልሸኛት ነበር ሐሳቤ። ኋላ ግን ጀልባ ላይ ብቻዋን እንዴት ትወጣለች አልኩ። ካርቱም ከደረስኩ ደግሞ የትልቁን ባቡር መጋጠሚያ ሳላይ ብመለስ ሰው ምን ይለኛል? ደጃፌን ለኡምኩልሱም አደራ ብያለሁ፤ ወናፌንም ሰቅያለሁ። ሁለት ሰው ጠብቁ።

አንቺ ከባድ ነገር አታንሺ። ፀሐይ አይምታሽ። ጣቢያው ድረስ አትምጪ፤ ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂን። ማርያም በሰላም ታገላግልሽ፤ ጭንቅሽን አቅልላ፣ ልጅሽን አሳቅፋ፣ በሽምግልናዬ የልጅ ልጅ ስም ለመጥራት ታብቃኝ። እጅሽ ያረፈበት ሁሉ ይባረክልሽ። ደጃችሁ እንግዳ አይጣ።

አባትሽ፣ አንጥረኛው ገብረ ሥላሴ

ጫኔ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለራስህ አንብበው። የተለያየን ጧት ጉልበቴን ልትስሙ በሥራ ቤቴ በር ላይ ስትቆሙ ወርቅ እሳት ላይ ነው ብዬ አልወጣሁም። እሳት ላይ ምንም አልነበረም። ከአባቴ የወረስኩትን ትንሹን መዶሻ በጨርቅ ጠቅልዬ ከስንቁ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ለኔ እጅ ከብዷል። ጣቢያው ላይ አንተ ና።