የጉለሌ ጽዋ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተወደድህ ወንድሜ፤ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም።

እንደምን ከርመሃል? ውርጩ ጉልበትህን አልያዘህም? ባለቤትህ፣ ተማሪዎችህ፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? ያቺ ቦሬ ላምስ ወለደች? እኔ የአውቶቡሱ መንገጫገጭ ወገቤን ከመታኝ በቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። በሰው ፊት «መሪጌታ» እያልሁ አንቱ እልሃለሁ፤ በወረቀት ግን በጀርባዬ ያዘልሁህ ነህና አንተ ብልህ አትቀየም።

የላክኸኝን ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ፤ አባታችን ነገር ከመካከል የሚጀምር ሰው አይወዱም ነበር። የመስቀል ማግሥት ስታሰናብተኝ እንዲህ አልኸኝ፦ «እቴ፣ ልጄ አመተ ማርያም ማተቧን በጥሳ ቤት ለቤት ከሚጸልዩ ሰዎች ጋር ገጥማለች አሉ። ሂጂና እዪልኝ። ለኅዳር ጽዮን ይዘሻት ነዪ። እምቢ ካለች ልጄ አይደለችም፤ ስሟም በቤቴ አይጠራ።»

እንግዲህ አየሁልህ። ማተቧ ከአንገቷ አልወረደም። በጣቴ ሳብ አድርጌ አረጋገጥሁ፤ «እትዬ፣ ልታንቁኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ እሑድ ጠዋት ታስቀድሳለች። ከሰዓት በኋላ ግን ጉለሌ፣ ፋንቱ ከምትባል፣ ሐኪም ቤት ቁስል ከምታክም ድሬሰር ቤት ትሄዳለች። ይህኛው ወሬ እውነት ነው።

ጥቅምት አንድ ቀን ተከትያት ሄድሁ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ዐሥራ አራት ሰው በአግዳሚና በሣጥን ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ ሸማኔው፣ ወታደሩ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ተማሪው። ቄስ የለም፣ ከበሮም የለም። ወንጌል በአማርኛ ያነባሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ፣ ሴቱም ጭምር፣ መጽሐፍ ሳይይዝ አፉ እንዳመጣለት ይጸልያል። እግዜርን እንደ ቅርብ ጎረቤት ነው የሚያነጋግሩት። ብርቄ የምትባለው ልብስ አጣቢ «ጌታ ሆይ፣ ለዚያች አሠሪዬ ልብ ስጣት፤ ትናንትም አንሶላው አልነጣም ብላ መለሰችብኝ» አለች። ሁሉም «አሜን» አለ። እኔ አላልሁም።

ቀጥሎ ቻላቸው የሚባለው ወታደር ከዳዊት መዝሙር ሲያነብ ማቆሚያውን ሁሉ ጥሶ አለፈ። አልቻልሁም። «ልጄ፣ ነጥቡ ለጌጥ የተቀመጠ መሰለህ? እንደገና!» አልሁት። ሊቆጣ ነው ስል «እሺ፣ እማማ» ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ሦስት ጊዜ መለስሁት። በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ መጽሐፉን ዘረጋልኝና «እስቲ እርስዎ ያንብቡልን» አለኝ።

አነበብሁ። እኔን አባታችን ዳዊት ያስጠኑኝ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። አንተ ከመጋረጃው ፊት ስትሳሳት በሹክሹክታ የምመልስልህ እኔ፣ የምትመሰገነው አንተ። ቅር ብሎኝ አይደለም፤ ትዝ ብሎኝ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስደግም «አንብቢልን» ያለኝ ሰው ግን ያ ወታደር የመጀመሪያው ነው።

ስሕተቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልንወጣ ስንነሣ ፋንቱ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከትንሽ ማሰሮ ብርዝ ጋር በሁለት እጇ ሰጠችኝ። በእኛ አገር ማኅበር ሲበተን ጽዋውንና ዳቦውን የተቀበለ ሰው ቀጣዩን ይደግሳል። በሰው ሁሉ ፊት ምን ላድርግ? ተሳለምሁና «ተቀብያለሁ፤ ለማርያም፣ በሃያ አንድ፣ እኔ ቤት» አልሁ።  አመተ ማርያም ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«እትዬ፣ ለእራት እኮ ነው የሰጠችዎት፤ ደግሞ የምን ቤት?» አለችኝ በጆሮዬ።

እውነቷን ነው፤ ያለሁት እሷ በተከራየችው ክፍል ነው። ቢሆንም ጽዋ ተቀብሎ መመለስ የለም።

ደገስሁ። ጠላ የማይጠጡ አሉ ሲሉኝ «ያሽትቱት» አልሁ። ሃያ ሁለት ሰው መጣ። ውዳሴ ማርያም ስደግም ዐይኑን መሬት ላይ የተከለ ነበር፤ የወጣ ግን የለም። ፋንቱ ተርጉሙልን አለችኝ፤ ተረጎምሁ። ከዚያ ብርቄ ተነሣች። ፊደል ከቆጠረች ገና ሦስት ወሯ ነው። በጣቷ እየተከተለች አምስት መስመር አነበበችልን። አላረምኋትም። ስሕተት አልነበረም ማለቴ አይደለም።

ጽዋው ለቀጣዩ ሲሰጥ አመተ ማርያም ብድግ አለች። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «በአባቴ ስም ተቀብያለሁ፤ ለኅዳር ጽዮን ቤተ ልሔም» አለች። በሩቅ ላለ ማኅበርተኛ ቤተ ሰቡ ሊቀበልለት እንደሚችል ማን እንዳስጠናት አልናገርም።

ማኅበርተኛ አይደለሁም ትል ይሆናል። እኔስ መቼ ነበርሁ?

ይዘሻት ነዪ ብለህ ነበር፤ ይዣት እመጣለሁ። ሰባት ሆነን ነው የምንመጣው፤ ደብረ ታቦር ድረስ በቅሎ ላክልን፤ ለብርቄ ገር የሆነችውን። ጾመ ነቢያት ነውና ስለ ሥጋ አትጨነቅ፤ ሽሮ፣ ስልጆና የአዲሱ ገብስ ጠላ ይበቃናል። ወታደሩ ቢሳሳት አንተ አትንካው፤ እሱን የማርመው እኔ ነኝ። ማተቧንም ራስህ ሳብ አድርገህ እይ።

ከዚያም በኋላ ልጄ አይደለችም የምትል ከሆነ ለራሷ ንገራት፤ እኔ ሁለተኛ አልላክም። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ግን በስምህ የተቀበለልህን ሰው ቆመህ፣ ስም ጠርተህ መመረቅ አለብህ። የማኅበሩ ሥርዓት ነው፤ ሳይጠራ ቢቀር ዳቦው አይቆረስም። ረሳሁት እንዳትል፤ ለአገሩ ሁሉ ያስተማርኸው አንተ ነህ።

ሣጥኔን ከአልጋው ሥር አስወጥተህ በጠፍር አሳስርልኝ፤ ወፍራሙን ጋቢዬንም ጨምርበት። ከታኅሣሥ ማርያም በፊት ወደዚህ መመለስ አለብኝ፤ ቻላቸው ገና መዝሙር አርባ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ አያሌው ያደርስልሃል፤ እራት አብላው። እመቤታችን ደጅህን ትጠብቅልህ፣ አዝመራህን ከበረዶ ትከልልህ፣ ድምፅህንም ለዚያች ቀን ታቆይልህ።

ያዘለችህ ታላቅ እኅትህ