የሂሳኖ ሾርባ ምን ነካው?

ኖቬምበር 6
የቤታችንን ተንሸራታች የወረቀት በሮች አዲስ ወረቀት ለጠፍኩላቸው። ብርዱ ሳይገባ ተገላገልኩ። ወገቤ ግን ተቆረጠ።
ቁርስ ላይ ሾርባው... ሙቅ ውሃ። ጨው አለው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሂሳኖን "ዛሬ ሾርባው ምን ነካው?" አልኳት። "ምን ሆነ?" አለች ባለቤቴ፣ የራሷን ፉት ብላ። ጠጣሁት። አንድ ቀን ማንም ይስታል።

ኖቬምበር 9
ዛሬም። የምሳው ኑድል ራሱ ደህና ነው፣ መረቁ ግን ባዶ። አርባ አራት ዓመት የጠጣሁትን ሾርባ አላውቀውም እንዴ?
እናቷ ትዝ አሉኝ። እሳቸውንም የመርሳት በሽታው የጀመራቸው ከወጥ ቤት ነበር። መጀመሪያ ጨው ረሱ፣ ከዚያ ምድጃ፣ በመጨረሻ የሂሳኖን ስም። ይሄስ አይምጣብኝ።

ኖቬምበር 13
ዛሬ ደግሞ ጨው በጨው! መጨመሯን ረስታ ሁለቴ ጨምራ ይሆን?
ኦሳካ ለምትኖረው ልጃችን ለማዶካ ደወልኩ። "አባዬ፣ የልጄን የክትባት ቀን እንኳ ያስታወሰችኝ እማዬ ናት" አለች። "አንቺ ሾርባዋን አልቀመስሽም" አልኳት። "እንግዲያው በቃ፣ ሐኪም ይያት" አለች።
ለ27 ቀጠሮ ያዝኩ። ለሂሳኖ የሁለታችን ዓመታዊ ምርመራ ነው ብዬ ዋሸሁ። መዋሸት አይሆንልኝም፣ አወቀችብኝ ይሆን?

ኖቬምበር 18
ጅል ነኝ። ቂል ሽማግሌ።
ይረዳታል ብዬ የሾርባውን አሠራር ጽፌ ከምድጃው በላይ ለጠፍኩት። የባሕር ቅጠሉን ውሃው ሳይፈላ አውጪ። የተላገውን ደረቅ ዓሣ ጨምረሽ አጥልዪ። ሚሶውን፣ የአኩሪ አተሩን ቡኮ፣ እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ በጥብጪ... እኔ! ዕንቁላል መቀቀል የማላውቀው! ለእሷ!
አነበበችው። አጣጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ቀኑን ሙሉ ቃል አልወጣትም። ምነው በሰደበችኝ።

ኖቬምበር 21
ቀድሜያት ተነሥቼ ወጥ ቤት ቁጭ አልኩ።
"ምን ትጠብቃለህ?"
"ምንም... ብርድ ነው፣ እሳት ልሙቅ ብዬ።"
አንድ ነገር አልሳተችም። ቅጠሉን በሰዓቱ አወጣች፣ ዓሣውን ሁለት እፍኝ ሙሉ ጨመረች፣ እሳቱን አጥፍታ ሚሶውን በጭልፋ በጠበጠች። ጠጣሁ። ጨዋማ ውሃ። ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚጠፋው?

ኖቬምበር 27
ሐኪሙ ከመቶ ጀምራ ሰባት ሰባት እየቀነሰች እንድትቆጥር ጠየቃት። እሷ እንደ ዝናብ አወረደችው። እኔ በልቤ ስቆጥር ሰባ ዘጠኝ ላይ ጠፋሁ። "ምንም የለባቸውም" አለ።
አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት እያየች "እናቴን አስበህ ነው አይደል?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።
"እኔም ስፈራ ነው የከረምኩት። በየጠዋቱ ፊትህን ስታኮሳትር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ረሳሁ እላለሁ። ዓሣውን እጥፍ አደረግኩ፣ ሚሶውን እጥፍ አደረግኩ። ሁለት ሳምንት የባሕር ውሃ ስጠጣ ነው የሰነበትኩት፣ አንተ ሰውዬ!"
ቤት ገብተን ሦስት ጎድጓዳ ሳህን አቀረበችልኝ። "ዓይንህን ጨፍነህ ቅመስ።" ቀመስኩ። ሦስቱም ያው ናቸው አልኳት።
አንዱ የተለመደው መረቅ፣ አንዱ የደረቀ ሰርዲን መረቅ፣ አንዱ ጨው ያለበት የቧንቧ ውሃ ነበር። "ሰርዲኑ እኮ ሽታው የጎረቤት ድመት ይጠራል!" ብላ ሳቀች፣ እንደ ልጅ ሳቀች። ደህና ናት። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች።
የታመምኩት እኔ ነኝ።

ዲሴምበር 10
የአፍንጫ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ጣዕም የጠፋብኝ ማሽተት ስላቆምኩ ነው አለ። አፍንጫዬ ደህና ነው፣ ችግሩ ከአንጎል ሊሆን ይችላል አለና ወደ ነርቭ ሐኪም ላከኝ። "ምናልባት የሌላ በሽታ መጀመሪያ..." የትኛው ብዬ አልጠየቅኩም። ፈራሁ፣ እናቷ ትዝ አሉኝ። ሂሳኖ ጠየቀችው፣ ነገራት። መንገድ ላይ አፏን ስትከፍት "ተይው" አልኳት። የነርቭ ሐኪሙ ምርመራ ውጤት የሚሰጠው ጃንዋሪ 8 ነው።

ዲሴምበር 19
ጋዝ ቢያፈስ አይሸተኝም። ሦስቴ ተመላልሼ ምድጃውን አየሁ።

ጃንዋሪ 1
"የዘንድሮን የአዲስ ዓመት ሾርባ አንተ ሥራ፣ እኔ እቀምሳለሁ" አለች።
የመጀመሪያውን ቅጠል አፈላሁት፣ ውሃው ልሐጭ ልሐጭ አለ። "ድፋው፣ ደግመህ ጀምር!" በሁለተኛው ከኋላዬ ቆማ "ቆይ... ቆይ... አሁን አውጣው!" ትጮኻለች። የሚያጣብቀውን የሩዝ ቂጣ፣ ሞቺውን፣ ልጨምር ስል ደግሞ "በትንንሹ ቁረጠው እንጂ፣ አንቆን ዓመቱን ሆስፒታል ልንጀምር ነው?" ጥቁሩን የባሕር ሣር ከላይ በተንኩበት። ላብ በላብ ሆንኩ።
ቀመሰች።  ጭልፋውን እንደያዝኩ ጠየቅኳት።
"ምን ይላል?"
"ቅጠሉ ይቀድማል፣ ለስለስ ያለ ነው። ቀጥሎ ዓሣው ይመጣል፣ ጭስ ጭስ ይላል። ሣሩ መጨረሻ ላይ... ማዕበል ያረጠበው ድንጋይ የሚሸተውን ይሸታል።"
እሷ እየነገረችኝ እኔ ፉት አልኩ። የውጤቱ ቀን ቀርቧል፣ እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ሆኖም ጨረስኩት። ሁለተኛ ጨለፍኩና ከፊቷ ተቀመጥኩ።
"እስቲ እንደገና ንገሪኝ" አልኳት።