የእማማ ዘምዘም ፎቅ ልስን

ሰኞ

«አዲስ ነው» ብለው ጻፉበት! በሚዛን አደባባይ ዙሪያ ካሉት ቤቶች ሁሉ ቀድሞ የተሠራውን የእማማ ዘምዘምን ፎቅ፣ «የሲሚንቶ ቤት፣ ታሪክ የለውም» ብለው ከሚፈርሱት ጋር መደቡት። የሚፈርሰውንና የሚቆየውን ቤት የሚለየው ኮሚቴ ደጁ ላይ የቆመው ለስንት ደቂቃ ነው? ዝናብ መጣ ብለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ፤ ከዚያው ሆነው አይተው ፈረዱ። የአደባባዩን ቤቶች ታሪክ እንድሰበስብ ከማዘጋጃ ቤቱ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። እስከ ዓርብ በቂ ተቃውሞ ካልቀረበ በሩ ላይ የመፍረሻ ምልክት፣ ቀይ ቀለም ይቀባል። ደሜ ፈልቷል።

ማክሰኞ

አደባባዩን በእግሬ ዞርኩ። የመዘገብኩት ይኸው፦

ባለ መስታወቱ ሕንፃ፦ የአምና ሥራ። ፀሐይ ስትወጣ ውስጡ አያስቀምጥም።
የብሎኬት ሱቁ፦ የደርግ ጊዜ። ጠባብ መስኮት፣ ወፍራም ግድግዳ።
ሦስቱ ባለ በረንዳ ሱቆች፦ ጭቃ። የዚህን አገር ዝናብ የሚያውቅ ሰው ስለሠራቸው ጣሪያቸው ወደ ፊት ረዝሟል።
ፎቁ፦ ታች የቡና መጋዘን፣ ላይ መኖሪያ። የእማማ ዘምዘም ባለቤት አባት የነበሩ ቡና ነጋዴ በዋንዛ ሳንቃ አሠሩት። ሳንቃው በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ ነው። በጓሮ በኩል ፍንትው ብሎ ይታያል። በፊት በኩል ግን ግራጫ ልስን ብቻ።

ወደ ጓሮ የዞረ የኮሚቴ አባል የለም። አንድም!

እማማ ዘምዘም ተቀመጥ እንኳን አላሉኝም። «ካላስለሰንሽ ብላችሁ መውጫ መግቢያ ያሳጣችሁኝ እናንተ፤ ተለስኗል ብላችሁ የምታፈርሱትም እናንተ?» አሉኝ።

ረቡዕ

ያስለሰናቸውን ሰው ላጋልጥ ብዬ የድሮ ፋይል ሳገላብጥ ዋልኩ። ደብዳቤውን አገኘሁት። እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ አስፋልት ዳር ያለ ቤት ሁሉ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም እንዲቀባ ያዛል።

ፊርማው የእኔ ነው።

ዘመን አልፎት ረስቼው ነበር እንጂ፣ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። አለቃዬ ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። ልስኑን የሚይዘው ሽቦ ሳንቃው ላይ ሲመታ መሰላሉ ሥር ቆሜ «ጠበቅ አድርጉት» እል ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ኮሚቴውን ስረግም ከርሜ! ምሳ አልበላሁም። አፈርኩ።

ሐሙስ

ሄጄ ነገርኳቸው። እማማ ዘምዘም አልደነገጡም። «ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ደብዳቤውን ያመጣህልኝም አንተው ነህ። ረሳኸው እንጂ።» ከመጋዘኑ መሮና መዶሻ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። «አንተ አልብሰኸዋል፤ አንተው አውልቀው።»

ጎረቤታቸው ዳዊት፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ሱቁን ዘግቶ መሰላል ያዘልኝ። «ኧረ ቀስ! እንጨቱን እንዳትነካው!» ይለኛል በየደቂቃው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ክንድ ተኩል ገለጥን። ጠቆር ያለ ዋንዛ፣ የመጋዙ መስመር አሁንም በእጅ ይዳሰሳል። አንድ ቦታ ግን ጣቴ ሰምጦ ገባ። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ሳንቃውን አበስብሶታል። ሳይለሰን ያን ሁሉ ዘመን ዝናብ ችሎ የቆመ እንጨት! ማልቀስ አማረኝ፤ ዳዊት ስለነበረ ተውኩት።

ዓርብ

ኮሚቴው ቀለም ይዞ መጣ። ሰብሳቢው ገና ከመኪና ሳይወርድ «ማን ፈቅዶልህ ነው የሰው ቤት የምትልጠው?» አለኝ። «እኔ የቤቱ ባለቤት ፈቅጃለሁ» አሉ እማማ ዘምዘም፣ በሩን ይዘው። ኮሚቴውን ወደ ጓሮ ወሰድኩ። ሰብሳቢው ሳንቃውን በእጁ ዳሰሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያልኩት ልክ መሆኑን አላመነም፤ ስህተት መሥራቱንም አላመነም። ብቻ ቀለሙን አስመለሰና የተቃውሞ ቅጽ ሰጠኝ፤ ቤቱ እንደገና እስኪታይ ድረስ ሳይፈርስ ይቆያል።

ቅጹ ላይ «ቤቱ ታሪካዊ ገጽታውን ያጣበት ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ሰብሳቢው «አሮጌ ነው በልና እለፈው» አለኝ። አላለፍኩትም። የደብዳቤውን ቁጥር፣ ከሥሩ የራሴን ስም ጻፍኩ። ሰኞ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ይችላል።

እማማ ዘምዘም መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ቅጹን መለሱልኝና፣ «ነገ በጠዋት ና» አሉ፤ «በረንዳው በኩል ያለው ልስን ገና አልተነካም።»