በር ላይ የባከነው አሥራ አንድ ደቂቃ

ውድ እትዬ፣

በእጄ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። በኮምፒውተር ብጽፈው «ይቺ ልጅ ደግሞ ሪፖርት ላከችልኝ» ብለው መነጽርዎን እንደሚያወልቁ አውቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረዎ ሴት ልጅዎ ታንብብልዎ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ። አንደኛ ክፍልን ከእጅዎ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን እርስዎም ያውቁታል። እንዴት እንዳስወጣሁት ግን ግማሹን አያውቁም። እኔም የእርስዎን ግማሽ ያወቅሁት ባለፈው ሰኞ ነው።

ያኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል እያስተማርኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን በሥርዓተ ትምህርት እማር ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንደኛ ክፍልን የንባብ ትምህርት መረጥኩ። አምስቱም የአንደኛ ክፍል ምድቦች ውስጥ ገብቼ ማየት ነበረብኝ፤ መምህራኑ ግን «ልትሰልለን ነው» ብለው ፊት ነሱኝ። እርስዎ በመምህራን ማረፊያው ተነሥተው፣ «ልጅቷ ትማርበት እንጂ! እኔ ዘንድ ትጀምር፤ ካልነከሰችኝ እናንተ ጋ ትመጣለች» አሉ። ሁሉም ሳቁ፣ አምስቱም በሮች ተከፈቱልኝ።

አሥራ ሁለት ቀን ከኋላ፣ ጉልበቴ አገጬን በሚነካበት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ወደ እኔ ጠቁማ፣ «እትዬ፣ እሷ ስንት ጊዜ ደግማ ነው?» ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ «ብዙ ጊዜ። ግን ዘንድሮ ሳታልፍ አትቀርም» አሏት። ክፍሉ በሙሉ አዘነልኝ። ልጅቷ ላጲሷን ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ሰጠችኝ።

በየጠዋቱ የካርቶን ቁራጮች ይዘው በር ላይ ይቆሙ ነበር። ልጅ ሁሉ አንድ ቃል አንብቦ ነው የሚገባው። ላቃተው ጎንበስ ይሉና ቃሉን በጆሮው ሹክ ይሉታል፤ እሱም ጮክ ብሎ «ያነብና» ደረቱን ነፍቶ ይገባል። አንድም ልጅ አፍሮ ሲገባ አላየሁም። ሹክ የሚባልላቸውም ከቀን ወደ ቀን እየቀነሱ ሄዱ። ወላጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዳምጡ ነበር። አንድ አናጢ፣ ሴት ልጁ «መሰላል» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ስታነብ ሰምቶ፣ መጋዙን ብብቱ ሥር እንደያዘ ሲያጨበጭብ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ግን አርባ ሁለት ጥያቄ ያለው መከታተያ ቅጽ ይዤ ነበር። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «ታይቷል»፣ «አልታየም» ይላል። እርስዎ ለሚያደርጉት ነገር የሚሆን ቦታ የለውም። ስለዚህ ሰዓቴን አየሁና ጻፍኩ፦ «መምህርት ሐ ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አሥራ አንዱን ደቂቃ በር ላይ ታባክናለች። ተማሪዎች በራሳቸው እንዲያነቡ ዕድል አትሰጥም።» ስምዎን በፊደል መደበቄ ነው እንግዲህ! በዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆም ሌላ መምህር እንደሌለ የግቢው ድመት እንኳ ያውቃል።

እስከዚህ ያለውን ያውቁታል። የማያውቁት ይህን ነው፦ በመጨረሻው ሳምንት የአምስቱንም ክፍሎች ልጆች ንባብ ፈትኜ ነበር። ከእርስዎ ሃምሳ ስምንት ልጆች ማንበብ ያቃታቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ ክፍሎች ግማሽ ያህሉ አልቻሉም። የውጤቱን ሠንጠረዥ ሳሳየው አማካሪዬ፣ «ይሄ እኮ መምህርቷን የተቸሽበትን ምዕራፍ አራትን ያፈርሰዋል» አለኝ። «ወይ ምዕራፉን እንደገና ትጽፊዋለሽ፣ ወይ ሠንጠረዡን ትተይዋለሽ። እንደገና ልጻፍ ካልሽ ደግሞ ምርቃትሽ ለከርሞ ነው።»

በእሱ አላሳብብም። ሁለቱንም መንገድ አሳይቶኛል፤ አጭሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እህቴ ለምርቃቴ ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች፤ ዩኒቨርሲቲው ረዳት መምህር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። የቸኮልኩባቸው ነገሮች እነዚህ ነበሩ፤ ዛሬ ስጽፋቸው ያሳፍሩኛል። ሠንጠረዡን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ደንቡ አንድ ቅጂ ለተጠናው ትምህርት ቤት ይሰጥ ስለሚል፣ ጽሑፉን አስጠርዤ ይዤ መጣሁ። ገና ሽፋኑን ሲያዩ ስመውት፣ «ልጄ ማስተርሷን ያዘች!» እያሉ እጄን ይዘው ከክፍል ክፍል አዞሩኝ። ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ ርዕሰ መምህር የማሻሻያ ዕቅድ ሲያወጣ ስለ «መምህርት ሐ» የጻፍኩበትን ገጽ ሰባ አራትን አገኘ። ጡረታዎ አራት ዓመት ሲቀረው ወደ መጻሕፍት መጋዘን አዛወረዎ። እኔም ደውዬ፣ እንዳልሰማ ሰው፣ «እትዬ፣ ምን ተፈጠረ?» አልኩዎ። «ምን ይፈጠራል ልጄ፣ ጉልበቴም መቆም ሰልችቶት ነበር» አሉኝ። አመንኩዎት አልልም፤ ማመኑ ተመቸኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሬ ሁሉ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። በጡረታ ሲሸኙ እንኳ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ስብሰባ አልነበረብኝም።

ባለፈው ሰኞ፣ ከምርቃቴ በኋላ በተቀጠርኩበት በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራሙ አስተባባሪ ሆኜ ቢሮ ተረከብኩ። የድሮ ተመራቂዎችን ፋይል ሳገላብጥ የራሴን አገኘሁ፤ ውስጡ አይቻቸው የማላውቃቸው ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው የአሥራ ዘጠኝ ወላጆች አቤቱታ ነው። «ጥናቱ ውሸት ነው፣ ይመርመርልን፤ መምህራችንም ወደ ክፍሏ ትመለስልን» ይላል። ሁለተኛው፣ ዩኒቨርሲቲው ጠይቆዎ የሰጡት መልስ ነው። ለልጆች በሚጽፉበት በዚያ በትልልቁ ጽሕፈትዎ፦ «ልጅቷ ክፍሌ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ተቀምጣለች። በር ላይ ጊዜ እንደምወስድ እውነት ነው። ያላየችውን አልጻፈችም። ዲግሪዋን እንዳትነኩባት አደራ።»

ቀኑን አየሁት። በዚያው ሳምንት ደውለው ለመቀጠሬ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለውኝ ነበር። ስለ ወረቀቱ ትንፍሽ አላሉም። «ልጅቷ ተሳስታለች» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ወደ ክፍልዎ ይመለሱ ነበር። እርስዎ ግን ሆድ ይፍጀው ብለው፣ እኔን ለማዳን በራስዎ ላይ መሰከሩ። ያጎረሰኝን እጅ መንከሴን ድሮም አውቅ ነበር፤ ከተነከሰ በኋላም ሲያጎርሰኝ መኖሩን አላውቅም ነበር። የቢሮዬን በር ዘግቼ አለቀስኩ።

ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ለአዲስ ገቢዎች እንደ አርአያ ሲታደል ኖሯል። ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ገብተዋል፤ ሁሉም አስተማሪዎች ናቸው። ነገ ከነገ ወዲያ ቅጽ ይዘው የሰው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ሐሙስ ዕለት ሠንጠረዡን ፊታቸው አስቀምጣለሁ፤ ማን እንደደበቀውም እነግራቸዋለሁ። ከጽሑፉ ጋር እንዲያያዝም ማረሚያ አስገብቻለሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ «የተኛ ነገር ምን አስቀሰቀሰሽ? ዲግሪሽን ሊነጥቁሽ ይችላሉ እኮ!» አለኝ። ይንጠቁኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑንም አውቃለሁ። አራት ዓመት፣ በዓመት ስልሳ የሚጠጉ ልጆች፤ እነሱን የሚመልስልዎ ማረሚያ የለም።

የማረሚያውን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ያላየሁትን እንዳልጻፍኩ ፈርመውልኛል፤ እውነትዎን ነው። ያየሁትን እንዳልጻፍኩ ደግሞ እኔ ፈርሜበታለሁ።

መልስ ለመጻፍ አይድከሙ። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ሴት ልጅዎ ቤት እመጣለሁ። አመልዎን ስለማውቀው አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ ገና ሳልቀመጥ ይቅር አይበሉኝ። መጀመሪያ ይቆጡኝ።

የበደለችዎ ልጅዎ