ያልተሟሸ ትምህርት

ሐሙስ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ ከአክስቴ ሸሪፋ ቤት

ለምወድዎት አባቴ ለአቶ የሲን
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ አባባ።

ትናንት ረቡዕ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዶክተር ሉልሰገድ ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው ሳስተምር አዩኝ። ልለፍ ልውደቅ ገና አልተነገረኝም።

ይህን በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር። ነገር ግን ወሬው ወደ ትምህርቴ ሲዞር “ደንበኛ ገባ” ይሉና ስልኩን ለእማዬ ይሰጧታል። የደንበኛው ድምፅ ግን አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከመርካቶ ዕቃ ጭኖ ወደ እናንተ በሚመጣው ሹፌር፣ በፍትዊ እጅ ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ። ፊደሎቹ ገዝፈው ቢያዩ አይገረሙ። ሰሌዳ ላይ መጻፍ እጄን ለውጦታል።

እኛ ደህና ነን። የአክስቴ ጉልበት ተሽሏታል፤ እስከ ፒያሳ በእግሯ ወርዳ መመለስ ጀምራለች። የፈረሰው የጨርቅ ሱቃችን የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ዳር ዳሩን አበባ ተተክሎበታል። ባለፈው እሑድ እዚያ ቆመን ባንኮኒያችን የት ላይ እንደነበር ተከራከርን። እሷ ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ጋ ነው ትላለች፤ እኔ ሦስተኛው ጋ ነው እላለሁ። አንድ መንገደኛ አባት ቆመው አዳመጡንና “ልጆቼ፣ መሬቱን ልትገዙት ነው?” ብለውን አለፉ። ፍርዱን ለእርስዎ ትተነዋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ለኢድ ስመጣ ያሉኝን አልረሳሁም። “ዘንድሮ መምህር ከሆንሽ ሁኚ፣ ደስ ይለኛል። ካልሆንሽ ግን ሱቁ እጅ ይፈልጋል” ነበር ያሉኝ። እሺ ብዬ ነው የወጣሁት፤ እሺታዬም እሺታ ነው። የፒያሳው ሱቅ ሲፈርስ እርስዎ አዲስ ሱቅ ሊከፍቱ ወደ ቡታጅራ፣ እኔ ለሥልጠና ወደ ስድስት ኪሎ ኮሌጅ ዞርን። መምህር ለመሆን የፊዚክስ ዲግሪዬ ብቻውን አይበቃኝም። የመምህርነት ሥልጠናውን መጨረስ አለብኝ፤ ሥልጠናው የሚያበቃው ደግሞ እውነተኛ ክፍል ይዞ በማስተማር ልምምድ ነው። ከኮሌጁ የተመደበ ተቆጣጣሪ መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። እሱ በቅታለች ብሎ ካልፈረመ ልምምዱ አይዘጋም፤ ልምምዱ ካልተዘጋ ለሙያ ፈቃድ ፈተና አልመዘገብም። ምዝገባው ዓርብ ግንቦት 8 ያበቃል። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

የእኔ ተቆጣጣሪ ዶክተር ሉልሰገድ ናቸው። የተመደብኩበት ትምህርት ቤት እዚሁ አራዳ ውስጥ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ይዣለሁ። አንዱ ክፍል ውስጥ ከስድሳ በላይ ልጆች አሉ። ክፍላቸውን የሰጡኝና የሚመክሩኝ ጋሽ ወልደገብርኤል ጡረታቸው የተቃረበ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ምሳ ሳልይዝ የመጣሁ ቀን ከራሳቸው ሳያካፍሉኝ አይበሉም። አንድ ልማድ ግን አላቸው። ተቆጣጣሪ ከመምጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ፣ ያንኑ ትምህርት ለእነዚያው ልጆች አንድ ጊዜ ማስተማር። ይህንን “ማሟሸት” ይሉታል። በእጃቸው ያለፉ ተለማማጆች ሁሉ እንደዚያ እያደረጉ ነው ያለፉት። “አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ አይጣድም፤ ይሰነጠቃል” አሉኝ። እኔም ነገሩ ምክር እንጂ ማታለል አልመሰለኝም ነበር።

ዶክተር ሉልሰገድ መጀመሪያ የመጡት ከፋሲካ በፊት ነው። ትምህርቱ የኒውተን አንደኛ ሕግ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት አሟሽተነዋል፤ ማን እንደሚመልስ፣ መቼ እንደሚጨበጨብ ሁሉ ተስማምተናል። “ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍረናል እንበል” ብዬ ጀመርኩ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ምኞት የምትባል ልጅ አለችኝ፤ አስተማሪዋ እንዳትቸገር የምትጨነቅ ዓይነት ናት። ብድግ አለችና፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪዎቹ ወደ ፊት እንደሚንደረደሩ ከነምክንያቱ አንበለበለችው። እኔ ስለ ፍሬን ገና አላነሳሁም። ምንም ነገር አልጠየቅሁም። ክፍሉ እንደ አንድ ሰው አጨበጨበላት።

ደወሉ ሲደወል ዶክተሩ ቀድመውኝ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ግን ጠበቁኝ።

“ልጅቷ ነቢይ ናት ወይስ አስቀድመሽ አስተምረሻታል?”

ጋሽ ወልደገብርኤል ከኋላቸው ሆነው በዓይናቸው “ተይ” ይሉኛል። ምኑን እንደምተው ግን አልገባኝም፤ ወይም እንዳልገባኝ ሆንኩ።

“ትናንት አስተምሬያቸዋለሁ” አልኩ።

“እንግዲያው ያየሁት ድራማ ነው። ድራማ ላይ መፈረም አልተፈቀደልኝም” አሉ። ሳይቆጡ ነው። ከበዓል በኋላ፣ ረቡዕ ሚያዝያ 29፣ ልጆቹ ሰምተውት የማያውቁትን ትምህርት ይዤ እንድጠብቃቸው ነገሩኝ። ርዕሱም ሰበቃ እንዲሆን ተስማማን፤ ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት ኃይል ማለት ነው።

ጋሽ ወልደገብርኤል ሁለት ቀን አኮረፉኝ። በሦስተኛው ቀን መፍትሔ ይዘው መጡ። ጥፋቱ የማሟሸቱ ሳይሆን የምኞት ነው፤ ስለዚህ አሁንም አሟሽተን በዕለቱ ምኞትን ቤት እናስቀራታለን አሉ። የምራቸውን ነው። እኔ ስስቅ እሳቸውም ሳቁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። እውነቱን ልንገርዎት፣ አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ብወድቅ የት እንደምገባ አውቃለሁና። በኋላ “ይቅርብኝ ጋሼ” አልኳቸው።

“ጥሬው ሸክላ የተሰነጠቀ ቀን፣ ወልደገብርኤል አልነገረኝም እንዳትይ” አሉኝ።

ያን ሰሞን ነው ደውዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እንዲልኩልኝ የለመንኩዎት። ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቁኝም። “ነጩ ሳቲን ነው፣ ቡኒው ኮርዶሮይ፣ ቀዩ ከፋይ፣ ጥቁሩ ሱፍ” ብለው አንድ በአንድ ነገሩኝ። ፍትዊ ማክሰኞ ማታ ሲያደርስልኝ ሳልፈታው ከነፌስታሉ አስቀመጥኩት።

ትናንት አንድ ጣውላ በየተራ በጨርቅ እየሸፈንን፣ ላዩ ላይ የሰሌዳ ዳስተር አስቀምጠን አንዱን ጫፍ ቀስ እያልን አነሳነው። ከዚያ በፊት ግን ዳስተሩ በየትኛው ጨርቅ ላይ ቀድሞ እንደሚንሸራተት እንዲገምቱ ጠየቅኋቸው። ይህን ጥያቄ ማንም አላስጠናቸውም። ምኞት ራሷ አጎንብሳ ጠረጴዛዋን ታያለች። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ጨርቅ ዳብሶ እስኪናገር ዝም እንደምንለው ዝም አልኩ። ጋሽ ወልደገብርኤል ከኋላ ወንበር ሆነው በመሃረባቸው ግንባራቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ ሚናስ የሚባል ልጅ እጁን ሳያወጣ፣ “ሳቲኑ ነው ቲቸር። የእናቴ የሳቲን ሻሽ አንድ ቀን ራሷ ላይ ረግቶ አያውቅም” አለ። ተሳቀ። ከዚያ በኋላ ዝም የሚያሰኛቸው ጠፋ።

ሳቲኑ እንደተባለው ሆነ። ከፋዩ ግን አስቸገረን። አንድ ጊዜ ዳስተሩ ቶሎ ወረደ፤ ጣውላውን አዙረው ሲሞክሩት ተጣብቆ ቀረ። አንድ ጨርቅ ሁለት ጠባይ አለው? ይህ በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። መልሱን ከእርስዎ የተማርኩት ቢሆንም አልነገርኳቸውም፤ ከፋዩን በየረድፉ አዙሬ አስዳበስኳቸው። ጸጉሩ ወደ አንድ በኩል እንደሚተኛ ራሳቸው ደረሱበት። ሰዓቱም በዚያው ሄደ።

“አሁን ጥቁሩን ሱፍ አምጡ” አልኩ። ጨርቆቹን አገላብጠው አጡት። ምኞት ብድግ አለች።

“ቲቸር፣ ጥቁር የለም። ይሄ ሰማያዊ ነው።”

ጥቁር ነው አልኳት። አባባ፣ እርስዎ ስለ ጨርቅ ያሉትን መርምሬ አላውቅም። ጎረቤት ሱቆች እንኳ ቁልፍና ክር ለማመሳሰል ወደ እርስዎ አይደል የሚልኩት? ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። ሰማያዊ ሹራቧን አውልቃ አጠገቡ ዘረጋችው። ያኔ፣ ጠቆር ያለ ቀለም በአምፖል አይሸጥም፣ ደጅ ወጥቶ ይታያል የሚሉት ትዝ አለኝ። ጨርቁን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ የፊት ወንበሮቹ በሙሉ ተከትለውኝ መጡ። ፀሐይ ነበረች።

ሰማያዊ ነው፣ አባባ። ልክ እንደ ሹራቧ።

“እውነትሽን ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አልኳት። አጨብጭቡ ያላቸው አልነበረም፤ አጨበጨቡላት። ጣውላውን በሱፉ እንደሸፈንን ደወሉ ተደወለ። ማጠቃለያ አልሠራሁም። ማጠቃለያ ደግሞ በመመዘኛው ውስጥ የራሱ ነጥብ አለው።

ዶክተር ሉልሰገድ እንደ በፊቱ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። “ዛሬ ነቢይ አላየሁም” አሉ። ማጠቃለያ የሌለው ትምህርት ጎደሎ መሆኑን፣ ይህንንም ሳያልፉ እንደሚጽፉት፣ ውሳኔው ግን የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የኮሌጁ ኮሚቴም መሆኑን ነገሩኝ። ጋሽ ወልደገብርኤል መሃል ገቡ። “ዶክተር፣ የፊተኛውን ያሟሸሁት እኔ ነኝ። በእሷ ላይ እንዳይቆጠርባት” አሉ።

“እርስዎንም ጽፌዎታለሁ፣ ጋሼ” አሏቸው ዶክተሩ፤ ተጨባብጠው ተለያዩ። ጋሼ በሩ ድረስ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ “አልተሰነጠቅሽም” ብቻ አሉኝ። ሻይም ጋበዙኝ።

ዛሬ ጠዋት ማጠቃለያውን ሠራን። አሁን ለማንም ነጥብ አይሆንም፤ ልጆቹ ግን ጻፉት። ሚናስም እናቱ ከሳቲኑ በታች የጥጥ ሻሽ እንድታስር መክሯት፣ “ፊዚክስህን እዚያው ተው” እንዳለችው ነገረን።

ከትናንት ወዲህ የማስበው ስለ ውጤቱ ብቻ አይደለም። እማዬ አዲሱ ሱቅ መስኮት የለውም፣ አምፖሉም ደካማ ነው ትለኛለች። ሱፉ ጥቁር የመሰለዎት በአምፖሉ ይሆናል። ቢሆንም ቅዳሜ ግንቦት 9 እመጣለሁ፤ ባልፍም እመጣለሁ፣ ብወድቅም እመጣለሁ። ሱፉን ይዤው እመጣለሁ፤ ደጅ አውጥተን አብረን እናየዋለን። ስመለስ ደግሞ አብረውኝ ቢመጡ አክስቴ ስለ ምሰሶው ፍርድ ትጠብቃለች። ዓይኗን የታየችበት ሐኪም ቤትም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ መንገዳችን ነው፣ ጎራ እንላለን። ሱቁን አስበው እንዳይጨነቁ። ለጥቂት ቀን እማዬ ትበቃዋለች። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ፈቃድ ያለው መምህርም የሌለውም እኩል ሥራ ይፈታል፤ ያኔ ሱቁ የፈለገውን እጅ ያገኛል። ከመስከረም በኋላ ያለውን እንደ ውጤቱ እንነጋገርበታለን።

እማዬን ሳሙልኝ። አላህ ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ንግድዎን በበረካ ይሙላው፣ እስክንገናኝ በደህና ያቆይልኝ። በሰላትዎ አይርሱኝ፤ የሚሻለውን ይለምኑልኝ፤ የትኛው እንደሆነ ለእሱ ተዉት።

ውጤቱ የሚለጠፈው ሐሙስ ግንቦት 7 ከሰዓት በኋላ ነው። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ሆኜ እደውላለሁ። ደንበኛ ቢገባም ስልኩን ለእማዬ አይስጧት።

ልጅዎ
ኢልሀም